በውሰት የሚሰጥ ሥልጣን፦ የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ለመንግሥታት ያስተማረው

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1970 መጨረሻ ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ የበረሃ ነፋስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ ሲነሣ፣ ለወራት ዝናብ ያላየው ቁጥቋጦ እንደ ጭድ ተቀጣጠለ። በግዛቲቱ በ13 ቀናት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን ኤከር በላይ፣ ማለትም ከ200 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ መሬት ተቃጠለ፤ ከ700 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ፤ 16 ሰዎች ሞቱ። ካሊፎርኒያ በዚያን ጊዜም ድሃ ግዛት አልነበረችም። የፌዴራሉ የደን አገልግሎት፣ የግዛቲቱ የደን መሥሪያ ቤት፣ የየካውንቲውና የየከተማው የእሳት አደጋ መምሪያዎች በየፊናቸው የሠለጠነ ሠራተኛ፣ መኪናና አውሮፕላን ነበራቸው። አንዱ ሲቸገር ሌላው የሚደርስበት የመረዳጃ ስምምነትም ከ1950 ጀምሮ በሥራ ላይ ነበረ።

እሳቱ ከበረደ በኋላ የተካሄደው ግምገማ ግን ዋናው ጉድለት ከውኃና ከሰው ቁጥር ይልቅ በአመራሩ ላይ እንደነበረ አሳየ። የአንዱ መምሪያ ራዲዮ ከሌላው ጋር አይነጋገርም ነበር። አንድ ማዕረግ በአንዱ ቤት የሚያሸክመው ኃላፊነት በሌላው ቤት የለም። አንድ ቃል ለሁለት መሥሪያ ቤቶች ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ይሰይማል። በአንድ ጊዜ በሚነዱ ብዙ እሳቶች መካከል የትኛው ቅድሚያ ያግኝ የሚለውን የሚወስን የጋራ አካልም አልነበረም። ከዚያ ዘመን ተደጋግሞ የሚተረከው ትዕይንት፣ ከተለያዩ ከተሞች ለእርዳታ የተላኩ የእሳት አደጋ መኪኖች አንዱ ወደ ሌላው ቀጠና እየከነፉ በአውራ ጎዳና ላይ መተላለፋቸው ነው።

ከዚያ ውድቀት የተወለደው የአደጋ ዕዝ ሥርዓት ዛሬ ከሰደድ እሳት አልፎ በጎርፍ፣ በወረርሽኝና በሽብር ጥቃት ጊዜ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ቴክኒክ ታሪክ ነው፤ ሰንጠረዥ፣ ቅጽ፣ ራዲዮ። በጥልቀት ሲታይ ግን የሥልጣን ታሪክ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሕጋዊ ሥልጣኑን ሳያጣ፣ ለተወሰነ ጊዜና በተጻፈ ወሰን፣ ለማያውቀው ባለሙያ እንዴት ያውሳል? ሥራው ሲያልቅስ እንዴት ይመለስለታል? ወጪውን ማን ይከፍላል? ላለፉት 50 ዓመታት ሥርዓቱ የሠራው እነዚህ ጥያቄዎች ከእሳቱ በፊት በተመለሱበት ቦታ ሲሆን፣ የወደቀውም በአመዛኙ በእሳቱ መካከል በተነሡበት ቦታ ነው።

ማንም ብቻውን የማይገዛው ዕቃ

ለኢኮኖሚ ተመራማሪ የ1970ው ችግር እንግዳ አይደለም። የጋራ መለኪያ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቀድሞ ለሚለወጠው ወጪ ብቻ ነው። የባቡር ሐዲዱን ስፋት የለወጠ አንድ ኩባንያ፣ ጎረቤቶቹ እስካልለወጡ ድረስ ያተረፈው ነገር የለም። በተመሳሳይ መንገድ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ብቻውን ማዕረጎቹን፣ ቃላቱንና ሥልጠናውን ቢቀይር የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ መምሪያ ለራሱ ምክንያታዊ የሆነውን አደረገ፤ ድምሩ ግን ለሁሉም አደጋ ሆነ።

ይህን እስር የፈታው የውጭ ገንዘብ ነበር። ኮንግረሱ ለደን አገልግሎት ልዩ በጀት ፈቀደ፤ በዚያም ፋየርስኮፕ የተባለው የጥናትና የሥርዓት ግንባታ መርሐ ግብር ተመሠረተ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት የፌዴራሉ ደን አገልግሎት፣ የግዛቲቱ የደን መሥሪያ ቤትና የአስቸኳይ ጊዜ ጽሕፈት ቤት፣ የሎስ አንጀለስ፣ የቬንቱራና የሳንታ ባርባራ ካውንቲዎች እንዲሁም የሎስ አንጀለስ ከተማ የእሳት አደጋ መምሪያ ነበሩ። ሥራው ዓመታት ፈጀ። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሥርዓቱ በመስክ ተፈተነ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ ካሊፎርኒያ የጋራ አሠራር ሆነ፤ ከዚያም የአገሪቱ የሰደድ እሳት መሥሪያ ቤቶች በሙሉ ተቀበሉት።

ሥርዓቱ እንዴት ይሠራል?

የሥርዓቱ አጥንት ቀላል ነው። ማንኛውም አደጋ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አምስት ተግባራት አሉት፦ ዕዝ፣ ኦፕሬሽን፣ ዕቅድ፣ ሎጂስቲክስ፣ ፋይናንስና አስተዳደር። አደጋው ትንሽ ከሆነ አንድ ሰው አምስቱንም ይሸከማል፤ ሲሰፋ ይከፋፈላሉ፤ ሲቀንስ እንደገና ይሰበሰባሉ። አንድ ኃላፊ በቀጥታ የሚመራው ከ3 እስከ 7 ሰዎችን ሲሆን፣ ተመራጩ 5 ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚታዘዘው ለአንድ አለቃ ብቻ ነው። ቦታው የሚሰጠው ለዚያ ሥራ ለተመሰከረለት ሰው በመሆኑ፣ በመደበኛ መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ኃላፊ በእሳቱ ላይ ከእርሱ ዝቅ ባለ ባለሙያ ሥር ሊሠራ ይችላል።

ሁለተኛው ምሰሶ ቋንቋ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ «ታንከር» ሲባል ውኃ የጫነ መኪና፣ በአዲስ አበባ አነጋገር ቦቴ፣ ማለት ነው፤ በምዕራብ ግን ከአየር ላይ እሳት የሚያጠፋ አውሮፕላን ነው። በነፋስ መካከል በራዲዮ የተጠየቀው «ታንከር» ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ መኪናው፣ አውሮፕላኑ፣ የ20 ሰዎች ጓዱ ሁሉ አንድ ስም፣ አንድ ዓይነትና አንድ የአቅም ደረጃ ተሰጠው። የሚስጥር ኮዶችም በተራ ንግግር ተተኩ።

ሦስተኛው የዕቅድ ዑደት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት የሚሆን የተጻፈ የተግባር ዕቅድ ይዘጋጃል፤ ዓላማው፣ የየክፍሉ ድልድል፣ የራዲዮ ሞገዱ፣ የአየር ጠባዩ፣ የሕክምና ዝግጅቱ በውስጡ ይሰፍራል። ተረኛው ሠራተኛ ጠዋት ያንን ሰምቶ ይሰማራል፤ የዕቅድ ክፍሉም የነገውን ማዘጋጀት ይጀምራል። ቀድሞውኑ ስለ መመለስም ይታሰባል፤ የትኛው ጓድ መቼ እንደሚለቀቅ የሚያቅድ ራሱን የቻለ ሥራ አለ።

የሁሉም ማሰሪያ ግን አንድ ደብዳቤ ነው። አንድ እሳት ከአካባቢው አቅም ሲያልፍ፣ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተውጣጣ የአደጋ አመራር ቡድን ይጠራል። አባላቱ በመደበኛ ቀናቸው የደን ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የእሳት አደጋ መኮንን ሊሆኑ ይችላሉ። ቡድኑ ሲደርስ የመሬቱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሥልጣን ውክልና ይፈርማል። በደብዳቤው ምን መጠበቅ እንዳለበት፣ የትኛው ዘዴ የተከለከለ እንደሆነ፣ ወጪው እንዴት እንደሚታይ ይገለጻል። ቡድኑ በዚያ ወሰን ውስጥ ያዛል፤ በተለመደው አሠራር ከ14 ቀናት በኋላ ይተካል ወይም ሥልጣኑን በመደበኛ ርክክብ መልሶ ይሄዳል። እሳቱ የሁለት ወይም የሦስት መሥሪያ ቤቶችን መሬት ከነካ ደግሞ ጥምር ዕዝ ይቋቋማል፦ እያንዳንዱ ባለሥልጣን ሥልጣኑን እንደያዘ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ የዓላማ ዝርዝር፣ በአንድ የኦፕሬሽን ኃላፊ ይሠራሉ።

የፋይናንስ ክፍሉ በዚህ መዋቅር ውስጥ መገኘቱ እንደ ቢሮክራሲ ሊታይ ይችላል። በእርግጥ ግን የፍጥነት ምንጭ ነው። የሄሊኮፕተሩ ሰዓት ዋጋ፣ የጎረቤት ካውንቲ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የየመሥሪያ ቤቱ ድርሻ በየቀኑ ይመዘገባል። ወጪው በኋላ በምን ቀመር እንደሚከፈል አስቀድሞ የሚያውቅ ኃላፊ እርዳታ ለመጥራትም ለመላክም አያመነታም።

የቧንቧው አፍ

ስምምነት በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን በኦክላንድ ታየ። በኦክቶበር 1991 ከከተማይቱ በላይ ባሉት ኮረብታዎች የተነሣው እሳት 25 ሰዎችን ገደለ፤ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ መኖሪያ ቤቶችን አወደመ። ከሩቅ ለእርዳታ የደረሱት መኪኖች ውኃ ለመሳብ ሲሞክሩ የከተማይቱ የውኃ መቅጃ አፍ 3 ኢንች፣ የእነርሱ ቱቦ ማያያዣ ግን በመደበኛው መለኪያ 2 ተኩል ኢንች ሆኖ ተገኘ። ውኃው፣ መኪናውና ሰዉ ነበሩ፤ የግማሽ ኢንች ልዩነት ግን አስማሚ ዕቃ የሌለውን ሠራተኛ ባዶ እጁን አስቀረው።

የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ከዚያ በኋላ የመረጡት መንገድ ማበረታቻን ከማስገደድ ያጣመረ ነው። የግዛቲቱ አካላት በሙሉ አንድ ወጥ የአስቸኳይ ጊዜ አመራር ሥርዓት እንዲከተሉ ተደነገገ፤ ይህን የማያደርግ ከተማ ወይም ካውንቲ ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ ለአደጋ ያወጣውን የሠራተኛ ወጪ ከግዛቲቱ ማስመለስ እንዳይችል ተደረገ። ማሻሻያው ውሳኔውን ለየከተማው ተወ፤ የውሳኔውን ዋጋ ግን ለወጠ።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ ጠዋት

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሥርዓቱ ባለበትና በሌለበት መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ታየ። ፔንታጎን የሚገኝባት አርሊንግተን፣ ለብዙ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም የሰፈር ያህል የምትታወቀው ካውንቲ፣ ከጎረቤቶቿና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር አስቀድማ ልምምድ አድርጋለች። አውሮፕላኑ ሕንፃውን ሲመታ የካውንቲው የእሳት አደጋ መምሪያ ዕዙን ያዘ፤ ወታደሩ፣ ፖሊሱና የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በጥምር ዕዙ ውስጥ ገቡ፤ የነፍስ አድኑ ምዕራፍ ሲያበቃ መምሪያው ዕዙን ለምርመራ ቢሮው አስረከበ። በኒው ዮርክ አደጋው በመጠን የማይወዳደር ነበር፤ ንጽጽሩም ይህን መርሳት የለበትም። ቢሆንም የእሳት አደጋ መምሪያውና ፖሊሱ የየራሳቸውን የዕዝ ጣቢያ አቋቁመው ነበር፤ ከፖሊስ ሄሊኮፕተር ስለ ሰሜኑ ሕንፃ ሁኔታ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ለእሳት አደጋ አዛዦች አልደረሰም። በዚያ ቀን ከመምሪያው 343 ሰዎች ሞቱ። በቀጣዮቹ ሳምንታት መምሪያው ዕቅዱን እንዲያደራጅ ከረዱት መካከል ከደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የመጣ የሰደድ እሳት አመራር ቡድን ይገኝበታል።

በፌብሩዋሪ 2003 ኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩር በቴክሳስ ሰማይ ላይ ስትበታተን፣ የስብርባሪውን ፍለጋ በመሬት ላይ እንዲያደራጁ የተጠሩት እነዚሁ የእሳት ቡድኖች ነበሩ። በጥቅሉ ወደ 25 ሺህ ሰዎች የተሳተፉበት ፍለጋ ከመንኮራኩሯ ክብደት 38 በመቶ ያህሉን አስገኘ። በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ቡሽ ያወጡት መመሪያ ሥርዓቱን ብሔራዊ አደረገው፤ ዝርዝሩ በማርች 2004 ታወጀ። የግፊቱ መሣሪያ እንደ ካሊፎርኒያው ሁሉ ገንዘብ ነበር፦ ሥርዓቱን ያልተቀበለ ግዛት የፌዴራል የዝግጁነት እርዳታ አያገኝም።

ሥርዓቱ የማይደርስበት

ዐዋጁ ከወጣ 18 ወራት እንኳ ሳይሞላ፣ በኦገስት 2005፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን አጥለቀለቀ። ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞቱ። በጎርፉ መካከል ዋሽንግተንና የሉዊዚያና ገዥ ካትሊን ብላንኮ የብሔራዊ ዘቡን ዕዝ በማን እጅ ይሁን በሚለው ላይ ሲደራደሩ ቀናት አለፉ፤ ከዋይት ሐውስ የቀረበላቸውን የጋራ አዛዥ ሐሳብም ገዥዋ አልተቀበሉም። ቅጹና ሰንጠረዡ በሁለቱም ወገን ነበረ። ያልነበረው አስቀድሞ የተገነባ መተማመን ነው፤ ሥልጣኑን ያዋሰ ሰው እንደሚመለስለት ማመን አለበትና።

በአሪዞና ያርኔል ኮረብታ በጁን 30 ቀን 2013 የሞቱት 19 የእሳት ተዋጊዎች ሌላ ገደብ ያስታውሳሉ። በዚያ ጠዋት ዕዙ ከአንድ ቡድን ወደ ሌላ እየተላለፈ ነበር። የርክክብ ሰዓት አደገኛ ሰዓት ነው፤ የነፋሱ አቅጣጫ ግን ርክክብ እስኪያልቅ አይጠብቅም። በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ ዙሪያ ከ16 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ሲቃጠሉ ደግሞ፣ በምዕራብ አልታዲና ነዋሪዎች ቤታቸውን እንዲለቁ የተሰጠው ትዕዛዝ ዘግይቶ መድረሱ ታወቀ። የአደጋ ዕዝ ሥርዓት በመጀመሪያ የተሠራው ተዋጊዎችን እርስ በርስ ለማገናኘት ነው፤ ተዋጊውን ከነዋሪው ማገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

የአደጋ ሶሺዮሎጂ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ትችት ሲያቀርቡ ኖረዋል። ሥርዓቱ አብረው በሠለጠኑ፣ በሚተዋወቁ ሙያተኞች መካከል በሚገባ ይሠራል፤ ሳይጠራ በፈቃዱ የሚመጣውን ሕዝብ ግን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። በማንኛውም ትልቅ አደጋ ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

ከሌጎስ እስከ ስሜን

ሥርዓቱ በአፍሪካ ምድር ያስመዘገበው ታላቅ ድል በእሳት ላይ የተገኘ አይደለም። በጁላይ 2014 ኢቦላ የያዘው መንገደኛ ሌጎስ ሲያርፍ፣ ናይጄሪያ ለፖሊዮ ዘመቻ ያቋቋመችው የአስቸኳይ ጊዜ ማዕከል ልምድ ነበራት። ከዚያ በተገኙ ባለሙያዎች አንድ የዕዝ ማዕከል በፍጥነት ቆመ፤ የፌዴራሉ መንግሥት፣ የሌጎስ ግዛትና የውጭ አጋሮች በሥሩ ገቡ። ከሕሙማኑ ጋር የተገናኙ 894 ሰዎች ተለይተው ክትትል ተደረገላቸው። በሽታው በ20 ሰዎች ላይ ቆመ፤ 8ቱ ሞቱ፤ በኦክቶበር 20 የዓለም ጤና ድርጅት አገሪቱን ከኢቦላ ነፃ አለ። ከካሊፎርኒያ ቁጥቋጦ የተነሣው አሠራር ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዚሁ በጤናው በር ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የአስቸኳይ ጊዜ ማዕከሉን ለኮቪድ ሥራ ያስጀመረው በጃንዋሪ 2020፣ በአገሪቱ የመጀመሪያው ታማሚ በማርች 13 ከመገኘቱ በፊት ነበር።

በእሳቱ በኩል ግን የኢትዮጵያ ታሪክ ሌላ መልክ አለው። በ1992 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት በባሌና በቦረና የተነሣው ሰደድ እሳት የሐረናን ደን ጨምሮ ሰፊ የተፈጥሮ ደን ሲያወድም፣ ገበሬው፣ ተማሪውና ወታደሩ ቅጠልና የእጅ መሣሪያ ይዞ ወጣ፤ ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ስፍራ፣ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ፤ የአካባቢው ሕዝብ በገደሉ ላይ እሳቱን ታገለ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ቡድን፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ።

በሁለቱም ጊዜ ያልጎደለው የሕዝብ ተነሣሽነት ነው። ይህ ካሊፎርኒያ ሲያልም የሚኖረው ሀብት ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠር ኡኡታ የሰማ ሰው ማን ጠራኝ ሳይል ይሮጣል፤ ደቦና ወንፈልም የጋራ ጉልበት ማደራጃ የቆዩ ተቋማት ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል የዚህ ሀብት ምስክር ነው። አባባሉ የማይነግረን ሎሚውን ማን እንደሚያከፋፍል ነው። በደቦ ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ የማሳው ጌታ ይታወቃል፣ ያሰማራልም፣ ያበላልም። የስሜን ማሳ ጌታ ግን ብዙ ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው፤ ወረዳዎቹ የክልሉ ናቸው፤ የአደጋ ሥራ አመራር የሌላ ኮሚሽን ድርሻ ነው፤ ሄሊኮፕተር ሲያስፈልግ ጉዳዩ ወደ መከላከያና ወደ ውጭ ጉዳይ ይሻገራል። ይህ የሥልጣን ብዛት በራሱ ነውር አይደለም፤ የ1970ዋ ካሊፎርኒያም እንዲሁ ነበረች። ልዩነቱ ካሊፎርኒያ ሥልጣኖቹን ሳታፈርስ እንዴት ለ14 ቀናት በአንድ ጠረጴዛ እንደሚቀመጡ በጽሑፍ መወሰኗ ነው።

በውጭ ያለው ወገን እርዳታ ሲያስብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመሣሪያ ላይ ነው፤ መኪና፣ ድሮን፣ የእሳት ልብስ። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ ፎቶግራፍም ይወጣላቸዋል። ከኦክላንድ ኮረብታዎች የተገኘው ትምህርት ግን የማያያዣው ልክ ካልተስማማ ሙሉ ቦቴም እንደማይጠቅም ነው። ከሚቀጥለው የበጋ ወራት በፊት ለባሌም ለስሜንም መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። እሳቱ ከወረዳው አቅም ሲያልፍ የሥልጣን ውክልናውን የሚፈርመው ማን ነው? ለየትኛው አስቀድሞ ለሠለጠነ ቡድን? የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ሰዓት ሒሳብ በማን ይመዘገባል? ቅጠል ይዞ የወጣው ገበሬ በየትኛው የጓድ መሪ ሥር ይሰለፋል፣ ቢጎዳስ ማን ያሳክመዋል? ቡድኑ ሲጨርስ ሥልጣኑን የሚረከበው ማን ነው?

ለእነዚህ መልስ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ የእሳት አደጋ መኪና ዋጋ ያንሳል። የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ዓመታት ነው፤ ስለዚህም መጀመር ያለበት ተራራው ገና አረንጓዴ ሳለ ነው።